የመስኮቱ አናት የማን ነው?

ሊኑክስ የምንጠቀም አማርኛ ተናጋሪዎች የምንገናኝበት አንድ ትንሽ መድረክ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ጭር ያለ ነው። ሰው ዋይፋዩ እምቢ ሲለው ይመጣል፣ ሲሠራለት ይጠፋል። ሰሞኑን ግን አንድ ክር ተከፍቶ 30 መልስ ተከመረበት። አንዷን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ግማሹን ተሳስቼ። ስለዚህ ገለልተኛ ታዛቢ ነኝ አልልም። ኮማንዶቹን ፊደል በፊደል አልገለብጥም፤ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ላውራችሁ።

ክሩን የከፈተው ሰላምታ ሳያስቀድም የማይጽፍ ጨዋ ልጅ ነው። ያረጀ ላፕቶፕ አለው። ስክሪኑ 1366 በ768 ነው። ዴስክቶፑ (ሊኑክስ ላይ ተመርጦ የሚጫን ነው) ኤክስኤፍሲኢ ነው። ቀጭን ታይትል ባር፣ ማለትም ቀጭን የመስኮት አናት፣ ያለው ቴም መርጧል። መዝጊያዋን ኤክስ፣ ማሳነሻዋንና ማስፊያዋን፣ ሦስቱንም ወደ ግራ ጥግ አዛውሯቸዋል። ፋይል ማኔጀሩ እሺ አለ። ተርሚናሉ እሺ አለ። የፒዲኤፍ ማንበቢያው ኤቪንስ ግን አሻፈረኝ አለ። የራሱን ወፍራም አናት ይዞ መጣ፣ ኤክሷንም ቀኝ ጥግ ላይ ሰቀላት። ካልኩሌተሩም እንደዚያው፣ ፋየርፎክስም እንደዚያው። ልጁ አፖቹ ራሳቸው የሚሥሉትን ይህን አናት ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ቦታ ካለ እንዲጠቁሙት ለመነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድሮው አሠራር አፑ የሚሥለው የራሱን ሆድ ብቻ ነው። ከላይ ያለውን ስሙን፣ ሦስቱን ቁልፎችና ጠርዙን የሚሥለው ዊንዶው ማኔጀሩ፣ መስኮቶችን የሚያስተዳድረው የዴስክቶፑ ክፍል፣ ነው። ስለዚህ ሁሉም መስኮት አንድ ዓይነት ኮፍያ ያደርጋል። በአዲሱ አሠራር አፑ ኮፍያውን ራሱ ሰፍቶ ይመጣል፤ ዊንዶው ማኔጀሩንም አትልፋ ይለዋል። ይህ ኮፍያ ሄደርባር ይባላል። አሠራሩ ደግሞ ሲኤስዲ በሚባል አሕጽሮት ይታወቃል፤ በክሩ ውስጥ ሁሉም የሚጠራው በዚህ ስም ነው።

1ኛው መልስ እንደ ጥሩ ሐኪም ምርመራ የጀመረ ነው። የትኞቹ አፖች እንደሆኑ እንዲዘረዝር ጠየቀው። አንድ ማብሪያ ማጥፊያ እንደሌለም አስቀድሞ ነገረው። አንዳንዱ አፕ የራሱ ማጥፊያ አለው። አንዳንዱ በጂቲኬ 3 የተሠራ ነው (ጂቲኬ አፖች መስኮትና ቁልፍ የሚሠሩበት ላይብረሪ፣ ማለትም የኮድ ስብስብ ነው)፤ በዘዴ ይሸነገላል። አንዳንዱ በጂቲኬ 4 የተሠራ ነው፤ እሱ ጋር መላው ጭንቅ ነው። ክሩ በዚህ ቢያልቅ ብዙ ሰው በጊዜ ይተኛ ነበር።

2ኛውና 3ኛው ቀላል ቀላሉን አነሱ። ፋየርፎክስ ላይ የመሣሪያ አሞሌውን በቀኝ ክሊክ ነክቶ ማስተካከያው ውስጥ መግባት ነው። ከታች በስተግራ ታይትል ባር የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት ማድረግ በቂ ነው። ፋየርፎክስ በሊኑክስ ላይ ታቦቹን ከአናቱ ጋር ያዋሃደው እ.ኤ.አ. በ2018 ግንቦት፣ በ60ኛው ቨርዥን ነው። ክሮም ላይ ከታቦቹ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ በቀኝ ክሊክ መንካት ነው፤ የሲስተሙን ታይትል ባር ተጠቀም የሚል ምርጫ ይመጣል። ቪኤስ ኮድ ላይ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ታይትል ባር ስታይል የሚለውን ኔቲቭ ማድረግና ዘግቶ መክፈት። ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው። ልጁ በ4ኛው አመስግኖ ዋናው ራስ ምታቱ ኤቪንስ መሆኑን ደገመ። ቀኑን ሙሉ ፒዲኤፍ ነው የሚያነበው።

5ኛው በሙሉ ልብ ገባ። ጂቲኬ ሲኤስዲ የሚባለውን የኢንቫይሮንመንት ቫርያብል (አፖች ሲነሱ የሚያነቡት ቅንብር ነው) ዜሮ ማድረግ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ ሪስታርት፣ ከዚያ ሰላም እንደሚወርድ ጻፈ። ሁለት የደስታ ኢሞጂም ጨመረበት።

6ኛው ኢሞጂዎቹን አልወደዳቸውም። እንዲህ ያለ ምክር ሳይሞክሩ የሚለጥፉ ሰዎች መድረኩን እንዳበላሹት በመግለጽ ነው የጀመረው። አነጋገሩን ብንተወው ያለው ነገር እውነት ነው። ያ ቫርያብል የሚሠራው ጂቲኬ በራሱ ፈቃድ ተራ ታይትል ባር በሚሥልባቸው መስኮቶች ላይ ነው። አፑ ሆን ብሎ የራሱን ሄደርባር ካስቀመጠ ቫርያብሉ አይነካውም። ኤቪንስ ደግሞ ሆን ብሎ ነው ያስቀመጠው። 5ኛው ከዚህ በኋላ አንድም ቃል አልጻፈም። ኢሞጂዎቹ ግን አሁንም እዚያው አሉ።

7ኛው ቁም ነገር ይዞ መጣ። ጂቲኬ 3 ኖሲኤስዲ የምትባል ትንሽ ላይብረሪ አለች፤ ለደቢያንና ለኡቡንቱ ተዘጋጅታ በፓኬጅ ትገኛለች። አሠራሯን ሲያስረዳ የተጠቀመባት ምሳሌ ደስ ብላኛለች። ቤተኛ ዘበኛ ናት። አፑ ሲነሳ ከሁሉም ቀድማ ትጫናለች፣ በር ላይ ትቆማለች። አፑ ይህን ሄደርባር አናቴ ላይ አድርግልኝ ብሎ ለጂቲኬ መልእክት ሲልክ መልእክቱን መንገድ ላይ ትይዘዋለች። ሄደርባሩን እንደ ተራ ዕቃ መስኮቱ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ዊንዶው ማኔጀሩ አናቱን ባዶ ሆኖ ሲያየው የራሱን ኮፍያ ያደርግለታል።

8ኛው ልጁ ነው፤ ሞክሮ ተመልሷል። ሠርቷል! ስክሪንሹትም ለጠፈ። ምስሉን አጉልቼ አየሁት። ከላይ የእሱ ቀጭን ታይትል ባር አለ፣ ኤክሷም ግራ ላይ ናት። ከሥሩ ደግሞ ያ ወፍራም ሄደርባር እንዳለ ተቀምጧል። የገጽ ቁጥሩ፣ የፍለጋ ምልክቷ፣ ሦስት መስመር ያላት ሜኑ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ዘበኛዋ ሄደርባሩን ከዙፋኑ አወረደችው እንጂ ከቤት አላስወጣችውም። በውስጡ ያሉት ቁልፎች ለአፑ ያስፈልጉታላ። የመደበኛው ቴም ሄደርባር ቢያንስ 46 ፒክስል ይወፍራል። በእሱ ላይ የልጁ ታይትል ባር 20 ምናምን ሲጨመር 70 ሊደርስ ነው። ከ768ቱ ማለት ነው። ቦታ ሊቆጥብ የመጣ ሰው ተጨማሪ ቦታ ከፍሎ ተመለሰ።

ሄደርባርን የፈጠሩት ሰዎች ዋና ክርክር ይኼው ነው እንግዲህ። ሁለት ሦስት ፎቅ የነበረውን ታይትል ባር፣ ሜኑና ቱልባር አንድ ፎቅ አደረግነው ነው የሚሉት። ስሌቱ ልክ ነው። ችግሩ አንዱ አፕ አንድ ፎቅ፣ ሌላው ሦስት ፎቅ ሲሆን ሰፈሩ የጨረቃ ቤት ይመስላል።

9ኛው ዘበኛዋ ፍላትፓክ ውስጥ እንደማትገባ አስታወሰ። ፍላትፓክ አፑን በራሱ ግቢ ውስጥ አጥሮ ነው የሚያስነሳው፤ ውጭ የተጫነች ላይብረሪ ግቢው ውስጥ የለችም። አጭር መልስ ነበር፤ ማንም አላመሰገነውም።

10ኛው ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ናቸው። ሲጽፉ አይቸኩሉም። ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። ግኖም የሚባለው ዴስክቶፕ 3.10ኛ ቨርዥን እ.ኤ.አ. በ2013 መስከረም ላይ ሲወጣ ሄደርባርን ይዞ እንደመጣ፣ ከዚያ በፊት ታይትል ባሩ ስም ከመያዝ በቀር ሥራ የሌለው ቦታ ነው ተብሎ እንደታሰበ አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጥር ደግሞ ከግኖም ዲዛይነሮች አንዱ የቀሩት አፖችም ተራውን ታይትል ባር ትተው ወደ ሄደርባር እንዲገቡ ዘመቻ መጀመሩን ጠቀሱ። ኬዲኢ የሚባለው የሌላው ዴስክቶፕ ሰዎች በዚህ አልተስማሙም። የመስኮት አናት የተጠቃሚውና የዴስክቶፑ ነው፣ የአፑ አይደለም ባይ ናቸው። ጋሼ የራሳቸውን አቋም አልጻፉም። ታሪኩን አስቀምጠው ወጡ።

እሳቸው ወጡ፣ ጠቡ ገባ።

11ኛው የግኖም ሰዎች ተጠቃሚውን እንደ ሕፃን እንደሚቆጥሩት፣ ማሳነሻና ማስፊያ ቁልፎችን እንኳ ደብቀው ኤክሷን ብቻ እንደሚያሳዩ፣ ሁሉም ሰው እንደነሱ ትልቅ ስክሪን ያለው እንደሚመስላቸው በምሬት ጻፈ። 12ኛዋ መለሰችለት። ለዚህ በነፃ ለሚያገኘው ሶፍትዌር አንድ መስመር ኮድ ወይም አንድ ቃል ትርጉም አዋጥቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አፑን የጻፈው ሰው አፑ እንዴት እንደሚታይ የመወሰን መብት እንዳለውም ጨመረች። ቤቱን የሠራው ሰው በሩን የት እንደሚያደርግ ጎረቤት አይመርጥለትም ዓይነት ነገር ነው ያለችው። ሰውዬው አሁንም መለሰ፤ እሱ ጎረቤት ሳይሆን ተከራይ እንደሆነ፣ በሩን በየቀኑ የሚከፍተው እሱ እንደሆነ። ይህችን ግን አዲስ መልስ ሳይከፍት 11ኛውን መልሱን አስተካክሎ ስላስገባት የራሷ ቁጥር የላትም። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ጥሩ ተናግረዋል። ልባቸው ቢበርድ ደግሞ የተሻለ ይናገሩ ነበር።

13ኛው ጠቡን እንዳላየ አልፎ ስለ ዌይላንድ፣ መስኮቶችን ስክሪን ላይ ስለሚያወጣው አዲሱ ሥርዓት፣ ጻፈ። በድሮው ሥርዓት በኤክስ 11 ላይ አፑ ኮፍያ አታድርግልኝ የሚል ምልክት ለዊንዶው ማኔጀሩ ያሳያል፣ እሱም ይተውለታል። በዌይላንድ ላይ ደግሞ አፑና ዴስክቶፑ ማን እንደሚሥል የሚደራደሩበት ኤክስዲጂ ዲኮሬሽን የሚባል ፕሮቶኮል አለ። ኬዲኢና ስዌይ ይደራደራሉ። ግኖም ለድርድሩ አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ አፕ የራሱን ይሣል ነው የሚለው። በዚህ የተነሳ ኤምፒቪ የተባለው ቪዲዮ ማጫወቻ ግኖም ላይ አናቱን ተላጭቶ የሚታይበት ጊዜ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ መላጣ ሊብዴኮር የምትባል ላይብረሪ ተሠርታለች፤ አናት ለሌለው አናት ትሥልለታለች። ልጁ የሚጠቀመው ኤክስ 11ን ስለሆነ ይህ ሁሉ እሱን አይመለከተውም። እኔ ግን ከክሩ ብዙ የተማርኩት እዚህ ጋ ነው።

14ኛው እኔ ነኝ። አፍ አላርፍ ብሎኝ አንድ ገጠመኜን ጻፍኩ። አንድ ምሽት አንድ ፎቶ ማረሚያ ውስጥ የእህቴን የምርቃት ፎቶ እያስተካከልኩ አፑ ድርቅ አለ። ኤክሷን ተጫንኩ። ምንም። ደግሜ ተጫንኩ። ማውሱን ወደሷ ሳስጠጋ ቀለሟ እንኳ አልተቀየረም። ያኔ ነው የገባኝ፤ ኤክሷን የሣላት ያው የደረቀው አፕ ነው። እሱ ከሞተ እሷም ሞታለች። ታይትል ባሩን ዊንዶው ማኔጀሩ የሣለው ቢሆን ኖሮ ክሊኩ የሚደርሰው በሕይወት ላለ ሰው ነበር። እሱ አፑን አለህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል፣ መልስ ካጣ ልግደለው ወይ ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። ስለዚህ መዝጊያ ቁልፍ የማይሞተው ወገን እጅ ይሁን ብዬ ደመደምኩ፤ ሲኤስዲ ያለው አፕ ከደረቀ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ከማጥፋት ሌላ መላ የለውም የሚልም ጨመርኩበት።

15ኛዋ በትሕትና አረመችኝ። ኦልትና ኤፍ 4 ስጫን ትዕዛዙ የሚሄደው በዊንዶው ማኔጀሩ በኩል ስለሆነ፣ አናቱን ማንም ይሣለው ማን፣ ያ የአለህ ወይ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም። ግኖም ራሱ አፕ ሲደርቅ ጠብቅ ወይም በግድ ዝጋ የሚል ሳጥን ያመጣል። ኤክስኪል የምትባል ኮማንድ ደግሞ አለች፤ ማውሱን ወደ ነፍሰ ገዳይነት ትቀይረዋለች፣ የነካችውን መስኮት ትገድላለች። ላፕቶፕ ማጥፋት አያስፈልግም። ልክ ናት። ስለ ኤክሷ ያልኩት ይቆማል፣ ስለ ላፕቶፑ ያልኩት ግን የድንጋጤ ወሬ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ፎቶው ለማንኛውም አልተረፈም።

16ኛው ኬዲኢ ተጠቃሚ ነው። በክሩ ውስጥ ከሳቁት መካከል እኔም ነኝ። ይህ ሰው ክሮም የራሱን አናት መሣሉ አናድዶት ወደ ዊንዶው ሩልስ ገባ። ክዊንን፣ የኬዲኢን ዊንዶው ማኔጀር ማለት ነው፣ ክሮም ላይ በግድ ታይትል ባር እንዲያደርግ አዘዘው። ክዊን ታዘዘ፤ ክሮም ግን የራሱን አላወለቀም። ውጤቱ ባለ ሁለት ኮፍያ መስኮት ሆነ። ሁለት ማሳነሻ፣ ሁለት ማስፊያ፣ ሁለት ኤክስ፣ አንዷ ከሌላዋ ሥር። ስክሪንሹቱን ለጥፎ የትኛዋን ቢጫን እንደሚሻል ጠየቀ። 17ኛው ወደ 3ኛው መልስ ብቻ ጠቁሞት አለፈ፤ የክሮም የራሱ ምርጫ እዚያ ተጽፏል።

18ኛው ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አመጣ። በጂቲኬ 4 እና የግኖምን መልክ በሚሰጠው ላይብረሪ በሊብአድዋይታ የተሠሩ አዳዲሶቹ የግኖም አፖች ላይ ያቺ የ7ኛው መልስ ዘበኛ ምንም ማድረግ አትችልም። ስሟ እንደሚለው የጂቲኬ 3 ናት። በሊብአድዋይታ መስኮት ውስጥ ደግሞ ሄደርባሩ አናት ላይ የተቀመጠ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የሆዱ አካል ሆኗል። ቆርጠህ ብታወጣው አፑ ይደማል። ስለዚህ መፍትሔው አፕ መቀየር ነው አለ። ከኤቪንስ የተወለደው የማቴ ዴስክቶፕ ማንበቢያ አትሪል አለ። ሊኑክስ ሚንትም እ.ኤ.አ. በ2016 ኤክስአፕስ ብሎ ኤክስሪደርን፣ ኤክስኢድንና ሌሎችን ያወጣው ለዚህ ነው፤ ሜኑአቸውና ታይትል ባራቸው እንደ ጥንቱ ነው። ይህ መልስ ለብቻው ክር ይገባው ነበር።

ግን ማን አየው። 19ኛው አድዋይታ የሚለውን ቃል አይቶ ልቡ ዘለለ። የግኖም ሰዎች አድዋን አክብረው ነው ወይ ይህን ስም ያወጡት ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ስለ የካቲት 23 ሦስት አንቀጽ ጻፈ። ጥሩ አንቀጾች ናቸው፣ ቦታቸው ግን እዚህ አልነበረም። 20ኛዋ ቃሉ ሳንስክሪት እንደሆነ፣ ሁለትነት የሌለበት፣ አንድ ብቻ የሆነ እንደማለት መሆኑን አስረዳች። ከአድዋ ተራራ ጋር አይገናኝም። ሰውዬው ቅር አለው። 21ኛው ደግሞ ሁለትነት የሌለበት ከሆነ የ16ኛው ሰው መስኮት ላይ ሁለት ኤክስ ምን ትሠራለች ብሎ ቀለደ። ከዚህ በኋላ ክሩ መስመር ሳተ።

22ኛው የአድዋውን ጸሐፊ አማርኛ በላቲን ፊደል እየቀላቀለ በመጻፉ ወቀሰው። ከወቀሳው ጋር ግን መላም ሰጠው። አይበስ የሚባለውን የኪቦርድ መቀያየሪያና የኤም 17 ኤን ፓኬጁን ጭኖ ሴራ የሚባለውን የአማርኛ አጻጻፍ መምረጥ ነው፤ ድምፁን በላቲን ሲመታ ግዕዙ ይወጣል። ይህን ሰው ልብ በሉት፣ ተመልሶ ይመጣል።

23ኛው ጋሼ ናቸው። ቁጣቸው የአባት ቁጣ ነው፤ ጮክ ሳይሉ ነው የሚቆጡት። ሃያ ሁለት መልስ ሙሉ ሁሉም የሚያውቀውን ሲናገር ልጁን የጠየቀው ሰው እንደሌለ ጻፉ። ልጁ መጀመሪያ ላይ ቁልፎቹን ወደ ግራ ማዛወሩን ተናግሯል። ለምን ግራ? የማክ ልማድ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ይህን እንዲነግራቸው ጠየቁት። ወደ ላይ ተመልሼ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አነበብኩት። ግራ የሚለው ቃል እዚያው ነው። ሳነበው ዘልዬዋለሁ።

24ኛው የልጁ ነው። ስክሪንሹት አልለጠፈም፣ በስልክ የተነሳ ፎቶ ነው። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይታያል። በስክሪኑ የቀኝ የላይኛው ጥግ ላይ ጥቁር ነገር ፈሷል፤ ቀለም የፈሰሰበት ጨርቅ ይመስላል። ስፋቱ ሁለት አውራ ጣት ያህል ነው። ከዳሩ ቀጭን ስንጥቅ ወደ መሃል ወጥቷል። ላፕቶፑ እንደወደቀ፣ ስክሪን ለማስቀየር የተጠየቀው ዋጋ ላፕቶፑን ከሚያወጣው ገንዘብ እንደማይተናነስ፣ ስለዚህ ቀኝ ጥግ ላይ ያለ ነገር ሁሉ እንደማይታየው ጻፈ። ኤቪንስን የሚዘጋው ኤክሷ የት እንዳለች በግምት እየዳሰሰ ነበር። አንዳንዴ ማስፊያዋን ይመታል። ስክሪንሹት ይህን አያሳይም፤ ስክሪንሹት ላይ ስክሪኑ ጤነኛ ነው። ቀድሞ ያልተናገረው ማንም ስላልጠየቀው እንደሆነ፣ ደግሞም ትንሽ እንዳፈረ ጨመረ።

ክሩ ለአንድ ቀን ያህል ዝም አለ።

25ኛውን የጻፈው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ያ የ6ኛው መልስ ቁጡ ሰው ነው። አነጋገሩ ሌላ ሰው ሆኗል። ወንድሜ ብሎ ጀመረ። ሄደርባሩን ማጥፋት እንደማያስፈልገው፣ ቁልፎቹን ብቻ ወደ ግራ ማዞር እንደሚበቃ አስረዳው። ጂቲኬ ቁልፎቹን በየት በኩል እንደሚደረድር የሚያነበው ዲኮሬሽን ሌይአውት ከሚባል ሴቲንግ ነው። ኤክስኤፍሲኢ ላይ በኤክስኤፍኮንፍ ኩዌሪ ኮማንድ፣ ኤክስሴቲንግስ በሚባለው ቻናል ውስጥ ይገባል። ክሎዝ፣ ሚኒማይዝ፣ ማክሲማይዝ ብሎ በኮማ እየለያዩ መጻፍ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ። ከሁለት ነጥቡ በፊት የተጻፈው ግራ ይሰለፋል፣ በኋላ የተጻፈው ቀኝ። ሄደርባሩ ይቅር፤ ኤክሷ ትምጣ።

26ኛው ልጁ ነው። ሠርቷል፣ ግን በግማሽ። ኤክሷ ግራ መጥታለች። ማሳነሻዋም መጥታለች። ማስፊያዋ ግን ከናካቴው ጠፋች፤ ግራም የለች፣ ቀኝም የለች። የጻፈውን ኮማንድ እንዳለ ለጥፏል። እኔም አየሁት፣ ምንም ስህተት አልታየኝም። 27ኛው ሪስታርት አድርግ አለ። ሪስታርት ሁልጊዜ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም።

28ኛው የኪቦርዱ ሰውዬ ነው፣ የ22ኛው። ኮማንዱን አጉልቶ አይቶታል። መጨረሻ ላይ ያለችው ሁለት ነጥብ የእንግሊዝኛዋ አይደለችም። የእኛዋ ናት፤ ቃልና ቃል የምንለይባት የግዕዟ ሁለት ነጥብ። 25ኛው ሰው በስልኩ የአማርኛ ኪቦርድ ነው የጻፈው፣ ልጁም ገልብጦ ነው የለጠፈው። ለዓይን ያው ናት። ለጂቲኬ ግን ከማክሲማይዝ ጋር የተጣበቀች እንግዳ ፊደል ሆነች። ጂቲኬ ክሎዝን ያውቃል፣ ሚኒማይዝን ያውቃል፤ መጨረሻው ላይ ሁለት ነጥብ የተለጠፈበት ማክሲማይዝ የሚባል ቁልፍ ግን አያውቅም። ስለዚህ ዘለላት። ይህን ሳነብ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ያ ከርዕስ የወጣ የኪቦርድ ወሬ ባይኖር ነገሩን ማን ያገኘው ነበር?

29ኛዋ የኤክስኤፍሲኢ ነገር ስለተነሳ አንድ ጉዳይ አከለች። ኤክስኤፍሲኢ ራሱ በ4.16 ቨርዥን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ታኅሣሥ፣ የሴቲንግ መስኮቶቹን በሲኤስዲ አድርጎ ብዙ ሰው አስቀይሞ ነበር። እዚያው ኤክስሴቲንግስ ውስጥ ዳያሎግስ ዩዝ ሄደር የሚል ሴቲንግ አለ፤ የጂቲኬ ዳያሎጎች ሄደርባር ይጠቀሙ አይጠቀሙ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ለ9ኛው ሰውም ዘግይታም ቢሆን መለሰችለት። ሴቲንጉ በኤክስ ሰርቨሩ በኩል ስለሚነበብ፣ በኤክስ 11 ላይ የሚነሳ የፍላትፓክ ጂቲኬ አፕም ግቢው ውስጥ ሆኖ ያየዋል። ዘበኛዋ ያልገባችበት ግቢ ውስጥ ወሬው ግን ይገባል።

30ኛው የልጁ ፎቶ ነው፣ አሁንም በስልክ። ነጥቧን ቀይሯል። ኤቪንስ ተከፍቷል፣ ወፍራም ሄደርባሩ እንዳለ ነው፣ ሦስቱ ቁልፎች ግራ ጥግ ላይ ተሰልፈዋል። ፋየርፎክስም ቁልፎቹን ወደ ግራ አምጥቷል፤ የ2ኛውን መልስ ሳጥን ምልክት አላደረገባትም፣ ታቦቹ አናት ላይ ሲሆኑ ቦታ እንደሚቆጥቡለት አይቷል። ዘበኛዋን አራግፏታል። ሁሉንም በየቁጥራቸው እየጠራ አመሰገነ፣ 5ኛውንም ጭምር። ጥቁሩ ፈሳሽ ሥር የቀረው የፓነሉ ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓቱን ወደ ግራ የሚያዛውርበት መንገድ ካለ ብሎ ጠየቀ።